«ይረፉ» ያላልናቸው አያ አብዱልጀሊል

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ብርዙ ለሁላችሁም ደርሷል? አያ አብዱልጀሊል ጠጅ ስለማይቀምሱ ዛሬ በመሸኛቸው ሁላችንም እንደ እሳቸው ነን።

በ1934 ዓ.ም. ከደሴ ተዛውረው እዚህ መቀሌ ክሊኒካችን የገቡ ዕለት፣ ነጭ ጥምጣማቸውንና ነጭ ካፖርታቸውን ያየ በሽተኛ ሁሉ ተነሥቶ እጅ ነሣ። እኔ ሥዩም፣ የድሬሰሮች፣ የቁስል አጣቢዎቹ፣ አለቃ ተብዬው፣ ኮፍያዬን አውልቄ «ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጡ» አልኳቸው። «እኔ ቁስል አጣቢ ነኝ፤ ዶክተሩ ሻንጣቸውን ተሸክመው ከኋላ እየመጡ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ የደም ግፊት መለኪያው ከእጃቸው አልወጣም። ሰላም ሲሏቸው እጅ መጨበጥ ትተው ክንድ ይጠቀልላሉ። የዘበኛችን የከፋለ ደም በዛ ብለው ወጡ ጨው እንዳይነካው ስላስከለከሉት፣ ከፋለ ሙሉ ሁዳዴ አኩርፏቸው ነበር። አትሣቅ ከፋለ፤ ዛሬ ቆመህ የምትሄደው በእሳቸው ነው። የራሳቸውን ክንድ ግን አንድ ቀን አስለክተው አያውቁም። እኛም አልጠየቅናቸውም።

ጥቅምት 1936፣ በወያኔው ዐመፅ ጊዜ፣ የእንግሊዝ አውሮፕላን ገበያውን በደበደበ ቀን፣ በቃሬዛ ከመጡት ቁስለኞች አንዷ ባለቤታቸው ሐቢባ ነበሩ። ቁስላቸውን አያ ራሳቸው አሰሩላቸው፤ ከቀትር በኋላ ሐቢባ ዐረፉ። ቀብረው ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኋቸው። ማጽናናት ሲገባኝ «አያ፣ ሌላ እጅ የለንም» አልኳቸው። እጃቸውን ታጥበው ገቡ። ሦስት ቀን ሠሩ፤ በአራተኛው ፋሻ እንደያዙ ወደቁ።

ዶክተሩ ክንዳቸውን የለኩት ያን ጊዜ ነው። የደም ብዛት ቀድሞም ነበረባቸው፤ ድንጋጤና ሐዘን ሲጨመርበት ልባቸውን ጎድቶታል አሉን። «ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት የለኝም። ያለኝ ዕረፍት ብቻ ነው» ብለው ሁለት ወር አዘዙላቸው። በዐሥራ ሰባተኛው ቀን የተስቦ በሽተኛ በዛብንና ሄጄ ከአልጋቸው ጠራኋቸው። ከዚያም በኋላ ሰው ሲሞትብን፣ መድኃኒት ሲያልቅብን፣ ጭንቁን ሁሉ ወደ እሳቸው የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ይኸው ዛሬ እግራቸው አብጦ፣ ይህችን ደረጃ ሁለት ጊዜ ቆመው ወጥተው ነው የሚሰናበቱን።

ዘንድሮ ዶክተሩ አንድ ነገር ነገሩኝ፤ በውጭ አገር ግፊትን አውርዶ ልብን ከእንዲህ ያለው ጉዳት የሚጠብቅ መድኃኒት እየተሞከረ ነው አሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ያችን ዐሥራ ሰባተኛ ቀን አስታወስኩ። አያ፣ መድኃኒቱ ያኔ አልነበረንም፤ ዕረፍቱ ግን ነበረን። እሱንም ነጠቅሁዎት።

ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ሐቢባን የቀበርኩ ቀን ይረፉ ብትለኝም አላርፍም ነበር፤ ቁስለኛው ብዙ ነበር። ግን ብትለኝ ደግ ነበር» አሉኝ።

ብርዛችንን እናንሣ። አያ፣ ቁስል ማሰር ያስተማሩን፣ በሽተኛን በስሙ መጥራት ያስለመዱን እርስዎ ነዎት፤ የቐንየልና፣ እናመሰግናለን። ከልጅዎ ከጣይባ ጋር ዕድሜ ይስጥዎ፤ ያ መድኃኒትም ጊዜው ሳያልፍ ይድረስልዎ። ስድስት ዓመት ዘግይቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ እላለሁ፤ ይረፉ።