በየወሩ የሚቆረጠው ብር

አቶ ፍቅረማርያም ቅዳሜ ጠዋት ከቤታቸው የወጡት ሁለት ነገር ቆርጠው ነው። አንደኛው የስልክ አገልግሎት ቢሮ ሄደው በስልካቸው ላለው ገንዘብ የሚያገለግለውን የሚስጥር ቁጥር ማስለወጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚስታቸው እህት ማራኪ እስከ ማታ ዕቃዋን ይዛ ከቤታቸው እንድትወጣ ማድረግ።

እዚህ ውሳኔ ላይ ለመድረስ ስምንት ወር ፈጅቶባቸዋል። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ገባ ብሎ በሠሩት ቤት ጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራይተው ይኖራሉ። ኪራዩ የሚገባላቸው በስልክ ነው። ታዲያ ከዚያ ገንዘብ ላይ በየወሩ ዘጠኝ መቶ ብር ያህል ይጎድላል። የሚስጥር ቁጥሩን ከሳቸው ሌላ የምታውቀው ማራኪ ብቻ ናት፤ የመብራቱንና የውሃውን ሂሳብ የምትከፍልላቸው እሷ ነበረች። ማራኪ ልብስ ሰፊ ናት። በቤታቸው አራት ዓመት ስትኖር አንድ ክፉ ነገር አይተውባት አያውቁም፤ ግን ሌላ የሚጠረጠር ሰው አጡ። ትናንት ጉዳዩን ለሚስታቸው ለወይዘሮ እሙ ሲነግሯቸው እሙ እያለቀሱ «ለማራኪ እኔው እነግራታለሁ» አሉ።

ታክሲ ለመሳፈር ሰልፍ ይዘው ሳለ ዝናቡ ወረደ። ሰልፉ ተበትኖ ሁሉም ወደየጥጉ ሮጠ። አቶ ፍቅረማርያምም አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ሥር ተጠለሉ።

«ጋሽ ፍቅረማርያም! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ዘወር ሲሉ የቀድሞ ጎረቤታቸው ልጅ ርሆቦት ናት። ቤተሰቦቿ ወደ አስኮ ከተዛወሩ ወዲህ አላዩዋትም። አሁን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ሆናለች።

«አንቺ ልጅ! እንዴት አድገሻል! እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ ግን ፊትዎ ጥሩ አይደለም። አሞዎታል እንዴ?»

ሽማግሌው ምስጢራቸውን በቀላሉ የሚያወጡ ሰው አልነበሩም። ይሁን እንጂ ሰው በቤቱ የማይናገረውን አንዳንድ ጊዜ ዝናብ ላገናኘው ሰው ይናገራል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ገብተው ተቀመጡና ሁሉንም ነገሯት። ርሆቦት ሳታቋርጥ ሰማቻቸው።

«ጋሼ፣ ቁጥሩን ከማስለወጥዎ በፊት ስልክዎን ባየው ቅር ይልዎታል?»

«ምን ታይበታለሽ?»

«ገንዘብ ሲወጣ መልእክት ይደርስዎታል አይደል? ያነቡታል?»

«ኧረ የምን ማንበብ! ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል። ሁሉም ማስታወቂያ ነው» አሉና ስልካቸውን ሰጧት።

ያልተነበበው መልእክት ከአራት መቶ በላይ ነበር። ርሆቦት ወደ ታች እየሳበች ጥቂት አነበበችና ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ ብርዎን የወሰደው ሰው አይደለም። ይኸው፣ በወሩ መጀመሪያ ለፊልም ማሳያ አፕ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ። ከሳምንት በኋላ ለተከታታይ ድራማ ሁለት መቶ ሃምሳ። ለሙዚቃ መቶ ሃምሳ። ለልጆች ካርቱን ሁለት መቶ። ያለፈውም ወር፣ ከዚያ በፊት የነበረውም እንዲሁ ነው። ከአየር ሰዓትዎ ላይ ደግሞ ለዕለቱ ቀልድና ለጥያቄና መልስ በየቀኑ ስድስት ብር ይቆረጣል።»

አቶ ፍቅረማርያም ሻያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ይህን ክፈሉ ብዬ አላዘዝኩም!»

«አዝዘዋል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና። የመጀመሪያው ወር በነጻ ነው ብሎ እሺ የሚለውን ያስነካዎታል። ወሩ ሲያልቅ ራሱ መቁረጥ ይጀምራል። አቁም እስካላሉት ድረስ አያቆምም።»

አሁን ትዝ አላቸው። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ሳለ አንድ ድራማ በነጻ ይታያል ሲባል የሚስጥር ቁጥራቸውን ያስገቡት ራሳቸው ናቸው። ካርቱኑንም የልጅ ልጃቸው ለበዓል መጥታ ስታለቅስባቸው በገዛ ጣታቸው ከፍተውላታል።

ርሆቦት ይህን ሁሉ የነገረቻቸው ለማሳፈር አልነበረም። እሳቸው ግን አፈሩ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ክርክር ይሸሻል።

«እሺ፣ ይሁን» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሁለት መቶ ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ለቤተሰቤ መዝናኛ አመጣሁ እንጂ መጠጥ ቤት አላጠፋሁት! የዲሽ ካርዱንም በየወሩ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ እከፍላለሁ። ኳስ አለበት። ሁለተኛውንም ዲኮደር እሙ የሚወዱት ተከታታይ አለ ተብሎ ገዛሁ፤ ሰባት መቶ ነው። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢዝናና ነውር ነው?»

«በጭራሽ ነውር አይደለም። እኔም ፊልም እወዳለሁ። የምጠይቅዎት ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹን አያችሁ?»

«ኳስ አይቻለሁ፤ እሁድ።»

«ሌላስ? የእትዬ እሙ ተከታታይ?»

«እሱማ ከፋሲካ በፊት አለቀ።»

«ዲኮደሩስ?»

«አቧራ ለብሷል» አሉ ሳይወዱ።

«ስለዚህ ለአንድ ኳስ የሰባት ነገር ዋጋ እየከፈሉ ነው። አይፍረዱብኝ፣ እኔም ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። ደሞዝ በገባ ቁጥር ለአምስት አፕ እከፍል ነበር። ማታ ማታ የትኛውን ልክፈት እያልኩ ስመርጥ አንዱንም ሳላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። አንድ ቀን ለሥልጠና መመዝገቢያ ሁለት ሺህ ብር አጥቼ ከጓደኛዬ ተበደርኩ። ያን ዕለት ወረቀት ይዤ ደመርኩት፤ የሥልጠናውን ክፍያ ምኑንም ላላየሁበት አፕ ሰጥቼዋለሁ።»

«ታዲያ ሁሉንም ዘጋሽ?»

«አንዱን አስቀረሁ። ሲሰለቸኝ እሱን ዘግቼ ሌላ እከፍታለሁ። ሁለት በአንድ ጊዜ ግን የለም።»

«የዘጋሽው ቢያምርሽስ?»

«እከፍታለኋ! የወሩን ከፍዬ አያለሁ። ጋሼ፣ እነሱ ደንበኛ አይጠሉም፤ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። የሚጎዳን ከፍለን ማየታችን አይደለም። ሳናይ መክፈላችን ነው።»

አቶ ፍቅረማርያም ያጡትን ብር ትተው ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ጀምረዋል። ኳሱን የሚያዩት ሳሎን ብቻቸውን ነው። እሙ መኝታ ቤት፣ ማራኪም በጓዳዋ፣ ሁሉም በየስልካቸው ያያሉ። እራት እንኳ በየተራ መብላት ከጀመሩ ቆይተዋል። ይህን ሁሉ ያደረገው መዝናኛው ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ ጥርጣሬያቸውም አለበት። ስምንት ወር ሙሉ ማራኪ ባለችበት ክፍል መቀመጥ ከብዷቸው ነበር።

በድንገት ቀና አሉ።

«ማራኪ አልወሰደችም ማለት ነው?»

«አንድ ብር አልወሰደችም። እሷ የከፈለችው መብራትና ውሃ ብቻ ነው፤ ቀኑ ሁሉ ይኸው።»

ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከደረታቸው ላይ የሆነ ከባድ ነገር የወረደ መሰላቸው። ስምንት ሺህ ብር ሄዷል፤ ቢሆንም ሌባ በቤታቸው አልነበረም! እንዲህ ያለ ደስታ የሚያውቀው የቤቱን ሰው ጠርጥሮ የተሳሳተ ብቻ ነው።

«ዝጊልኝ» አሉ ስልኩን እየገፉላት። «ሁሉንም ዝጊልኝ።»

«አልዘጋልዎትም፤ አሳይዎታለሁ፣ ራስዎ ይዘጋሉ። አለበለዚያ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንገናኛለን።»

ሳቁ። መነጽራቸውን አድርገው፣ እሷ በጣቷ እየጠቆመች፣ አንዱን በአንዱ ዘጉ። የቀልዱንና የጥያቄውን መልእክት ማቆሚያ ፊደል ልከው አስቆሙ። በመጨረሻም ርሆቦት ሦስት ነገር አደራ አለቻቸው። በነጻ ለሚባል ነገር የሚስጥር ቁጥር እንዳያስገቡ፤ የሚከፈተውን ቤተሰቡ ተነጋግሮ እንዲመርጥ፤ በየወሩም መጨረሻ የተቆረጠውን መልእክት ቁጭ ብለው እንዲያነቡ።

ዝናቡ አቁሞ ነበር። አቶ ፍቅረማርያም የመጡበትን ጉዳይ ትተው ወደ ቤት ፈጠኑ።

የማራኪ ሻንጣ በር ላይ ቆሟል። እሷ የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ትጠቀልላለች፤ እሙ አጠገቧ ቆመዋል። አቶ ፍቅረማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማራኪ፣ በድዬሻለሁ» አሉ። «ብሩን ያስቆረጥኩት ራሴ ነኝ፤ ሳላውቀው። ይቅር በይኝ።» ከዚያም ሻይ ቤት የሆነውን አንድም ሳይደብቁ ተናገሩ።

ማራኪ አንሶላውን እንደያዘች ቀረች። «እንደጠረጠሩኝ አውቅ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ስገባ ስልክዎን ትራስ ሥር ሲያደርጉ አይቻለሁ። አንድ ቀን ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጠይቁኝ ኖሮ አብረን እናየው ነበር።»

«መጠየቅ ነበረብኝ። ደፍሬ አልጠየቅኩም።»

«ይቅር ብያለሁ። ቁጥሩን ግን ከእንግዲህ አልይዝም። መብራቱን ራስዎ ይከፍላሉ።»

«እከፍላለሁ! ግን አስተምሪኝ።»

እሙ ያን ጊዜ ሳቁ፤ እየሳቁም እንባቸው ወረደ። ሻንጣውን አንስተው ወደ ውስጥ ያስገቡት እሳቸው ናቸው።

በሚቀጥለው ወር ሦስቱም ተቀምጠው መከሩ። ሁለተኛው ዲኮደር ተዘጋ፤ የኳሱ ካርድ እስከ ውድድሩ መጨረሻ ይቆይ ተባለ። በየወሩ ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ዘጠኝ ብር ተረፈ፤ በሦስተኛውም ወር እሙ ለረጅም ጊዜ ያዘገዩትን የዓይን ምርመራ አድርገው መነጽር ገዙ። ቅዳሜ ማታ አንድ ፊልም ተመርጦ ሳሎን አብረው ያያሉ። ማራኪ ቶሎ ትሰለቻለች፣ እሙ ጥያቄ ያበዛሉ፣ አቶ ፍቅረማርያም ያንቀላፋሉ፤ ግን አብረው ናቸው።

ሽማግሌው የተማሩትን ለራሳቸው አላስቀሩም። በእድሩ ስብሰባ ማብቂያ ላይ ተነሥተው የደረሰባቸውን ተናገሩና «እስቲ ስልካችሁን አውጡ» አሉ። መጀመሪያ ተሳቀ። ከዚያ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ከኋላ የተቀመጡት አቶ ሰይፈሥላሴ ስልካቸውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው በየወሩ የተቆረጠባቸውን መልእክት ያነባሉ። ገንዘቤን ይወስዳል ብለው ከቤት ካስወጡት ልጃቸው ጋር ዓመት ሙሉ ተኳርፈዋል።

አንብበው ሲጨርሱ ከአዳራሹ ወጥተው አጥሩ ጥግ ቆሙና ደወሉ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «አትዝጋው። የት ነህ? ና ወደ ቤት፤ ምሳ አብረን እንብላ።»