ይሄይስ ታሟል ወይስ በልቷል?

(ግንቦት፣ ጠዋት። የጉበት በሽታን አስቀድሞ የሚጠቁም ምልክት ከደም ውስጥ በሚፈለግበት ላብራቶሪ፤ ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ይሄይስና ናሙናውን የሰበሰበችው አንጋፋ ባለሙያ አልጋነሽ።)

ይሄይስ፦ እትዬ፣ ቅጹ ላይ ይፈርሙልኝና ጥናቱን ለመጽሔቱ ልላከው። ጽሑፉን የሚቀበሉት እስከ ስድስት ሰዓት ነው።

አልጋነሽ፦ አልፈርምም አልኩ እኮ።

ይሄይስ፦ ማሽኑ ከእያንዳንዱ ሰው ደም ሦስት ሺህ ፕሮቲን አንብቦ ሕመምተኛውን ከጤነኛው ቁልጭ አድርጎ ለየ። አንድም አልሳተ! ከዚህ በላይ ምን ያድርግልዎት?

አልጋነሽ፦ እሱ ነው ያስፈራኝ። ሠላሳ ዓመት ደም ስቀዳ እንዲህ ልክክ ያለ ውጤት አላየሁም። መቼ ነበር የቀዳነው?

ይሄይስ፦ መጋቢት።

አልጋነሽ፦ ሁዳዴ። ጤነኞቹንስ ከየት አመጣን?

ይሄይስ፦ ከእርስዎ ሰንበቴ። አመስግኛለሁ እኮ!

አልጋነሽ፦ ሰንበቴው አንድ ሳይቀር ጿሚ ነው። ሕመምተኞቹ ግን የንስሐ አባታቸው ፈቅደውላቸው እንቁላልና ወተት ላይ ነበሩ። ታዲያ ማሽንዎ የለየው በሽታውን ነው ጾሙን?

ይሄይስ፦ ኧረ እትዬ! የሦስት ዓመት ልፋቴን በሽሮ ሊንዱት ነው?

አልጋነሽ፦ ዝም ብዬ አልጠረጠርኩም። ያን ሰሞን ለሙከራ የሰጡኝን የእርስዎን ደም አስነበብኩት።

ይሄይስ፦ የእኔን? ማን ፈቀደልዎት?

አልጋነሽ፦ እርስዎ። «ለጥናቱ ይዋል» ብለው ፈርመዋል። ሲፈርሙ እኮ እንደኔ አያንገራግሩም።

ይሄይስ፦ እሺ፣ ጤነኛ ነው አለኝ አይደል?

አልጋነሽ፦ ሕመምተኞቹ መሀል ነው ያስቀመጠዎት።

ይሄይስ፦ ምን? ባለፈው ወር ተመርምሬ ሐኪሙ «የሕፃን ጉበት ነው ያለህ» ብሎኛል!

አልጋነሽ፦ እንግዲህ ማሽኑ ልክ ከሆነ ታመዋል፤ ዛሬውኑ አልጋ ይያዙ። ልክ ካልሆነ ደግሞ…

ይሄይስ፦ ካልሆነ ምን?

አልጋነሽ፦ እኔ ምን አውቄ? ባለቤትዎ ስንዱ ሰንበቴ ላይ «ይሄይስ ዘንድሮ ዓሣ እንኳ በአፉ አልዞረም» ስትል ግን ሰምቻለሁ።

ይሄይስ፦ ቀስ ብለው ይናገሩ እንጂ!

አልጋነሽ፦ ዶክተር፣ ቀልዱን እንተወው። ነገ በዚህ ምርመራ አንዱን የታመመ ጿሚ «ጤነኛ ነህ» ብለን ብንሸኘውስ? እኔ በሰው ነፍስ ላይ አልፈርምም፤ እፈራለሁ።

ይሄይስ፦ (በሩን ይዘጋል።)

አልጋነሽ፦ አልጋ ልያዝልዎት?

ይሄይስ፦ ቅጹን ይቅደዱት። የሰኔ ጾም ሳይገባ ሁሉንም እንደገና እንቀዳለን። ጤነኛ ነኝ፣ እትዬ። ክትፎ ነው።