ከኢናሲዮ ፎቶ ቤት የተወሰደው መስታወት

ማካው፣ የወደብ ሰፈር ፖሊስ ጣቢያ
የቃል ሰጪው ስም፦ ሲማኦ ዶ ሮዛሪዮ፤ በሰፈሩ አጠራር ላም ፉክ
ዕድሜ፦ 52 ዓመት
ሥራ፦ የቅድስት ሞኒካ ጸሎት ቤት ደወል ደዋይና ጠባቂ
አድራሻ፦ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር፣ በጸሎት ቤቱ ግቢ ውስጥ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ ማርች 14 ቀን 1878 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት
ጉዳዩ፦ ፎቶ አንሺ ኢናሲዮ ሌኦንግ ያቀረበው የስርቆት ክስ

እኔ ከላይ ስሜ የተጻፈው ቃል ሰጪ፣ ትናንት ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከከሳሽ ፎቶ ቤት፣ ምስል ወደ ወረቀት የሚገለበጥበትን አንድ የፎቶ መስታወት ሳላስፈቅድ መውሰዴን አምናለሁ። ስወስድ ሌላ አንድ መስታወት ከእጄ አምልጦ ተሰብሯል። የማን ምስል እንደነበረበት አላውቅም፤ ለእሱ የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ። ስለ ወሰድኩት መስታወት ግን ሌባ መባሌን አልቀበልም። ምክንያቴን ከመነሻው እንዳስረዳ ስለተፈቀደልኝ እንደሚከተለው እናገራለሁ።

ኢናሲዮ አበልጄ ነው። ልጄን ማርታን ክርስትና ያነሣት እሱ ሲሆን ይህም የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። በዚያ ዕለት የፎቶ ማንሻ ሳጥኑን ይዞ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ፎቶ አንሥቶናል። እስከ ሃያ ሲቆጥር ማንም እንዳይተነፍስ ነግሮን እኔና ባለቤቴ አፖሎንያ እንደ ግንድ ደርቀን ቆምን። ሕፃኗ ግን በእናቷ እቅፍ ውስጥ ስትፈራገጥ ቆየች። ፎቶው ሲመጣ እኛ ደህና ወጥተናል፤ ማርታ ግን ፊት አልነበራትም፤ የፊቷ ቦታ እንፋሎት ይመስል ነበር። አፖሎንያ ልታለቅስ ስትል ኢናሲዮ ስቆ፣ ሳጥኑ የሚንቀሳቀስን ነገር እንደማይዝ፣ ልጅቷ አደብ እስክትገዛ መጠበቅ እንደሚያሻ ነገረን። ይህን መናገሩን አስታውሳለሁ። ይህን የምጠቅሰው በኋላ ለሆነው ነገር እኔም ጥፋት እንዳለብኝ ስለማውቅ ነው።

በ1874 ሴፕቴምበር ወር ታላቁ አውሎ ነፋስ የመጣ ጊዜ የጸሎት ቤታችን ጣሪያ በተጠለሉት ሰዎች ላይ ወደቀ። አንደኛው ወራጅ የባለቤቴን ወገብ ሰበረው፤ ከዚያ በኋላ በእግሯ ሄዳ አታውቅም። ያ የክርስትናው ፎቶም ውሃ ወስዶታል። የኢናሲዮ ፎቶ ቤት ደግሞ ባሕሩ ዳር ስለነበር ከነዕቃው ተጠርጎ ሄደ። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ፤ የቄሱን ልብስ ማኖሪያ ክፍል ከፍቼለት እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ እዚያ ተቀመጠ። ከአንድ ድስት የሩዝ ገንፎ በልተናል። ባለቤቴ በጀርባዋ ተኝታ የእሱን ልጆች ልብስ ትጥፍ ነበር። ይህን የምናገረው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ማን ምን እንዳደረገኝ ጣቢያው እንዲያውቅልኝ ነው።

ጣሪያው ከወደቀ ወዲህ ቅዳሴ የሚደረገው ከሰሌን በተሠራ ዳስ ሥር ነው። ቢሆንም ሰው ቀርቶ አያውቅም። ዓሣ አጥማጆቹ እሑድ እሑድ ጀልባቸውን እያሰሩ ይመጣሉ፤ ከስልሳ በታች ሆነን አናውቅም። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ግን የተጎዱትን ጸሎት ቤቶች የሚመረምር ጉባኤ ተቋቋመ። ጉባኤው ምእመን ያለው ቤት ጣሪያው እንዲሠራለት፣ ምእመን የሌለው ተዘግቶ ቦታው ለጠየቀ ሰው እንዲሰጥ ወሰነ። ባለሥልጣናቱ በየሰፈሩ መዞር ስላልቻሉ የእያንዳንዱ ቤት ፎቶ በእሑድ ቀን ተነሥቶ እንዲቀርብላቸው አዘዙ። ሥራው የተሰጠው ለኢናሲዮ ነበር። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። የራሳችን ሰው ነው፣ እንግዲህ ጣሪያው ተሠራ ማለት ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ።

ኖቬምበር 18 ቀን እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ ኢናሲዮ ሳጥኑንና ጥቁር ድንኳኑን ይዞ መጣ። መስታወቱን የሚያጥብበትን ውሃ ከጉድጓዳችን የቀዳሁለት እኔ ነኝ። ሰዎቹ ልብሳቸውን አስተካክለው በሩ ፊት ተሰልፈው ቆሙ። ኢናሲዮ ወደ ጎን ወስዶኝ፣ ሰልፍ ጉባኤውን እንደማያሳምን፣ ሰው በገንዘብ ተገዝቶ የመጣ እንደሚያስመስል ነገረኝ። እንደ ወትሯቸው ይሂዱ፣ ይምጡ፣ ያውሩ አለኝ። እኔም የማርታን ነገር አንሥቼ፣ ሲንቀሳቀሱ አይጠፉም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የመለሰልኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦

«ያ ድሮ ቀረ አበልጄ። አዲስ የሳጥን ዓይን አስመጥቻለሁ፤ የሚበር ወፍ ይይዛል።»

አመንኩት። ተመልሼ ሰዎቹን በትኜ፣ ማንም እንዳይቆም አልኩ። ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ግቢውን ይዞሩ ጀመር፤ ልጆቹም ተሯሯጡ። አንዱ ጀልባ ነጂ ዝም ብሎ ቢቆም፣ አንተ ጣሪያ አትፈልግም እንዴ ብዬ ገፋሁት።

ባለቤቴ ሁልጊዜ እንደምታደርገው በሩ አጠገብ ኖራ ከተቀባው ግድግዳ ጋር ጀርባዋን አስደግፋ በዝቅተኛ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። ኢናሲዮ ይህን አይቶ ወደ ውስጥ ተሸክመን እንድናስገባት ጠየቀ። ፀሐይ እንዳይመታት ነው አለ። አፖሎንያ ግን እንቢ አለች።

«ደሞ እኔን የት ልትወስዱኝ ነው? ሰው ሁሉ ይዙር ተባለ፤ እኔ መዞር አልችል። ፎቶህ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ቢል ምን ይጎድልብሃል፣ አበልጄ?» አለችው።

ሰው ሳቀ። ኢናሲዮ አልሳቀም። ራሱን ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር አስገባና ብዙ ቆጠረ፤ እስከ ስንት እንደቆጠረ አልሰማሁም። ያኔ ያልሳቀው ለባለቤቴ አዝኖ ነው ብዬ ነበር።

አፖሎንያ ጃንዋሪ 6 ቀን በሳንባ በሽታ ሞተች። በጸሎት ቤቱ በስተ ሰሜን ባለው አጥር ሥር ቀበርናት። ኢናሲዮ ከአስከሬኑ ተሸካሚዎች አንዱ ነበር።

በዚህ ሳምንት ሰኞ ማርች 11 ቀን ወደ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ጸሐፊው የፊታችን ሰኞ ማርች 18 ቀን የጸሎት ቤቱን ቁልፍ እንዳስረክብ፣ ቦታው ለአንድ የገመድ ነጋዴ መጋዘን እንደተፈቀደ፣ በግቢው ያሉ መቃብሮችም እንደሚነሡ ነገረኝ። ስህተት ነው ብል ፎቶውን አውጥቶ አሳየኝ። ጸሎት ቤታችን ራሱ ነው። ቀኑም ያው ቀን ነው፤ በዚያ ጠዋት ዳሱ ላይ የጣፍኩት አዲስ ሰሌን ቁልጭ ብሎ ይታያል። በግቢው ውስጥ ግን አንድም ነፍስ የለም። ሰዎቹ የት አሉ ብዬ ጠየቅሁ። ጸሐፊው እኛም ይህንኑ ነው የጠየቅነው አለኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የታየውን ነው የተናገረው።

ማክሰኞ ጠዋት ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ኢናሲዮ ወረቀት እየቆረጠ ነበር፤ ቀና አላለም። ሰዎቹስ አልኩት። ተንቀሳቀሱ አለኝ። አንተ አይደለህ እንዴ ተንቀሳቀሱ ያልከን ስለው፣ ሳጥኑ የሚያየው የቆመን ብቻ እንደሆነ በማርታ ክርስትና ጊዜ ነግሬህ ነበር አለኝ። የሚበረው ወፍስ አልኩት። ከዚያ መቀሱን አስቀምጦ እንዲህ አለ፦

«ሦስት ልጆች አሉኝ ሲማኦ። ነጋዴው መጋዘኑን ሲሠራ ከመንገዱ ፊት ለፊት አንድ ክፍል ለፎቶ ቤት ይሰጠኛል። አንተ እንደሁ ደወል የትም ትደውላለህ።»

ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር። አልመታሁትም፤ በበሩ ታናሽ ልጁ ታየችኝ፤ የለበሰችው ባለቤቴ ለታላቅ እህቷ የጣፈችውን ልብስ ነበር፤ ለታናሿ ተላልፏል እንጂ ልብሱ ያው ነው። እጄን መልሼ፣ አፖሎንያስ፣ እሷ አልተንቀሳቀሰችም፣ እሷ የት ሄደች አልኩት። መስታወቱ አላወጣትም አለኝ። ይህን ሲል ዓይኔን አላየኝም።

ወደ ቤት ተመልሼ ባለቤቴ ትቀመጥበት ከነበረው ግድግዳ አጠገብ ቆምኩ። ያን ግድግዳ በየዓመቱ ኖራ የምቀባው እኔ ነኝ። የራሷ መደገፊያ ቦታ ግን በፀጉር ቅባት ስለ ወዛ ምንም ያህል ብቀባው ቢጫው ተመልሶ ይወጣል። በሕይወት ሳለች እንኳ ግድግዳዬን አበላሸሽው እያልኩ እጨቀጭቃት ነበር። አሁንም አለ፤ በእጄ ዳሰስኩት። ጸሐፊው ባሳየኝ ፎቶ ላይ ግን ያ ቦታ ከግድግዳው ሁሉ ይልቅ ነጭ ነበር። አንድ ሰው እዚያ ላይ የሆነ ነገር እንዳደረገ ያኔ ገባኝ።

ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ተመልሼ ስሄድ ኢናሲዮ አልነበረም። ሚስቱ አውቃኝ፣ ገብተህ ጠብቀው ብላ ወደ ጓዳ ሄደች። መስታወቶቹ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተደርድረው በጠርዛቸው ላይ ስም ተለጥፎባቸዋል። ማንበብ ባልችልም የጸሎት ቤታችንን ስም ከደወሉ ላይ ስለማውቀው ለየሁት። ስስበው ነው አጠገቡ ያለው የወደቀው። በመስኮቱ ብርሃን ሳየው በበሩ አጠገብ የአውራ ጣት የሚያህል ቀይ ቀለም ተቀብቶበታል፤ መስታወቱ ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ቦታ በወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼ ቀስ ብዬ ጠረግሁት። ከሥሩ ባለቤቴ ወጣች። በመስታወት ላይ ጥቁር ነጭ፣ ነጭ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ፊቷ ጠቁሮ ፀጉሯ ነጥቷል፤ ግን አንገቷን ዘንበል ስታደርግ ማን እንደሆነች የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ወገቧ ከተሰበረ ወዲህ እንደዚያ ነበር የምትቀመጠው። ከዚህ መስታወት ሌላ መልኳ ያለበት ነገር በዓለም ላይ አንድም የለኝም። በኮቴ ጠቅልዬ ወጣሁ። አልሮጥኩም፣ አልተደበቅሁም፤ ፖሊስ ያገኘኝም በቤቴ ደጃፍ ነው።

ሰዎቹ የጠፉት በሳጥኑ ምክንያት ነው ሊል ኢናሲዮ ይችላል። እሷን ግን ሳጥኑ አይቷት ነበር፤ ያጠፋት እሱ ነው፣ በገዛ እጁ፣ በብሩሽ። ከሁሉ የከፋብኝ ይህ ነው። አስከሬኗን ሲሸከም ይህን አድርጎ ጨርሶ እንደነበር ሳስበው እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መስታወቱን ዛሬ ለጣቢያው አስረክቤአለሁ። ጣቢያው ከሰኞ በፊት ቀለሙ የተነሣለትን መስታወት ለጉባኤው እንዲያሳይልኝ፣ በዚያ ቀን በግቢው የነበሩትን ስልሳ ሦስት ሰዎችም ጠርቶ እንዲጠይቅ አመለክታለሁ። ጣቢያው መስታወቱ የከሳሽ ንብረት በመሆኑ በመጨረሻ ለእሱ ሊመለስ እንደሚችል ነግሮኛል። ይህን እያወቅሁ ሰጥቻለሁ። እኔ ዘንድ ቢቀር እሷ ትኖረኛለች፤ መቃብሯ ግን ይነሣል። ተረካቢው ፖሊስ ጠርዙን ብቻ እንዲይዝ ለምኛለሁ፤ ጣት የነካው ምስል ይበላሻል። ይህን ያስተማረኝ ኢናሲዮ ነው።

የሰጠሁት ቃል በማውቀው ቋንቋ ከተነበበልኝ በኋላ አንድ እርማት ብቻ ጠይቄያለሁ። ኢናሲዮን አበልጄ ብዬ የጠራሁበት ቦታ ተሰርዞ ከሳሽ ተብሎ እንዲጻፍ ነበር የጠየቅሁት። የጣቢያው ጸሐፊ፣ ልጅህን ክርስትና ያነሣት እሱ መሆኑ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እውነት ነው አልኩ። እንግዲያውስ እውነት ከሆነ ይቆይ ብያለሁ። ሌላውም እንደዚሁ በሙሉ እውነት መሆኑን በጣቴ አሻራ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪው የቀኝ አውራ ጣት አሻራ፦ (ሲማኦ ዶ ሮዛሪዮ፤ በአውራ ጣቱ ላይ ቀይ ቀለም ስለተገኘ ታጥቦ እንዲያትም ተደርጓል)
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ቤልሚሮ ታቫሬስ፣ ፊርማ
የተረጎመውና ያነበበው፦ ጸሐፊ ዳሚያኦ ቼዮንግ፣ ፊርማ