ዋግን የሚያጠፋው ዘር

መሪጌታ አሥራተ ማርያም ለብራና የሚሆን የፍየል ቆዳ ገዝተው ከሰቆጣ ገበያ ሲመለሱ፣ ከገበሬው ከደሞዝ ማሳ ዳር የግብርና ባለሙያዋን እስከዳርን አገኟት። ልጅቱ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ናት። መሪጌታ ሌላ መንገድ ቢያገኙ ኖሮ በዚያ ባለፉ ነበር፤ ማሳውን ማየት ያማቸዋልና። ስንዴው ቀይ ዱቄት ለብሶ፣ ዛላው ባዶውን ቆሟል።

ደሞዝ ለሙከራ የተሰጠውን ዘር የመለሰው በእሳቸው ቃል ነው። ክረምት መግቢያ ላይ ከቅዳሴ በኋላ፣ «ዋግን የሚያጠፋ ዘር አምጥተዋልና እንዳትቀበሉ!» ብለው ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዋግ ምን አደረገቻችሁና ነው የሚያጠፋ ዘር ያመጣችሁባት?»

እስከዳር ክው አለች። «የኔታ፣ ዋግ እኮ በሽታው ነው! ይኸው፣ ስንዴውን የበላው!»

«እኛማ ይህን ቀዩ ነው የምንለው። ዋግ አገራችን ናት።»

መሪጌታ አፍ የፈቱት በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ነው፤ እስከዳር ደግሞ ዘሩን ስታስተዋውቅ የመጣችበትን አገር ቃል ይዛ ነው የተናገረችው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚሉ አበው ልጆች፣ ያቺን አንዲት ቃል የሚጠይቅ አንድ ሰው አጡ። ያሳዝናል።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች እስከዳር።

መሪጌታ ግን በቀላሉ የሚረቱ አይደሉም። «ይሁን። ዘሩን አርመነዋል ብላችኋልሳ?»

«የኔታ፣ ዳዊት ሲጽፉ አንዲት ፊደል ቢስቱ ምን ያደርጋሉ?»

«ፍቄ አቃናታለሁ።»

«መጽሐፉ ሌላ ይሆናል?»

«ዳዊት ምንጊዜም ዳዊት ነው።»

«እኛም በስንዴው ዘረ መል ውስጥ በሽታው የሚገባባትን አንዲት ቦታ ነው ያረምነው። የሌላ ፍጥረት ዘር አልጨመርንበትም።»

«እኔ የምፍቀው የራሴን ስሕተት ነው። የእግዚአብሔር ሥራ ስሕተት አለበት?»

«ገበሬ ጥሩ ጥሩውን ዛላ መርጦ ለዘር ሲያስቀምጥ፣ እግዚአብሔርን ነቀፈ ይባላል?»

መሪጌታ የገዙትን ቆዳ ዳሰስ አደረጉ። «ሲፋቅ ብራናው ሊበሳም ይችላል።»

«እውነትዎን ነው። ስለዚህ ነው በትንሽ ማሳ የምንሞክረው። ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ነው አልልዎትም። ለቀዩ ግን ያንን ይመልከቱ» ብላ፣ ዘሩን የተቀበለውን የየሺዋስን ማሳ አሳየቻቸው። ስንዴው ዛላው ከብዶት ጎንበስ ብሏል።

«ወይ ምላሴ!» አሉ መሪጌታ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑን አስቀምጠው የቃሉን ነገር አስረዱ። «ይህ ዘር ሰብላችሁን ከቀዩ ያተርፍላችኋል። ለሚረጭ መድኃኒት ከመጨነቅ ያሳርፋችኋል፤ ልጆቻችሁንም ከስደት ያስቀርላችኋል። ሳልጠይቅ ፈረድኩ፤ ይቅር በሉኝ።»

ደሞዝ ተነሣ። «የኔታ፣ አልተቀየምኩዎትም። ዘሩንም እወስዳለሁ። ግን በሬዎቼን ለልጆቼ ቀለብ ብዬ ሸጫለሁ። በምን ልረስ?»

በተከታዩ ሰኔ መሪጌታ የራሳቸውን ማሳ ለኋላ ትተው በሬዎቻቸውን አስቀድመው ለደሞዝ ሰጡ። ደሞዝም ዘሩን ይዞ፣ በሰው በሬ ሲያርስ ዋለ።