ያንን ዳገት የሚወጣው መኪና

ከፈረስ መጋላ በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌና የልጃቸው ባል ከፊቴ ተቀምጠዋል። ዝናቡ ገና አላባራም።

«ወደ ሀያት የተላከውን አምቡላንስ፣ እሷ ያለችበት ዳገት ስር ጭቃ ይዞታል አሉኝ» አለ ወጣቱ ስልኩን ዘግቶ።

«ታዲያ ያንተን መኪና ከቤት ይዘን እንውጣ። በአራቱም ጎማ ትሄዳለች አላልከኝም?»

«ትሄዳለች አባባ። ግን የኋላ ጎማዎቿን የምታዞረው አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ናት። እርጥብ አስፋልት ላይ ግሩም ናት። ረጅም የጭቃ ዳገት ላይ ግን ሞተሯ በጣም ትሞቅና ታቆማለች፤ ከዚያ የፊቶቹ ብቻቸውን ይሽከረከራሉ። ባለፈው ክረምት እዚያው ዳገት ላይ አይቼዋለሁ።»

«ሌላ መኪና የለም?»

«የወንድምዎ አለ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«የወንድሜ የጀማልም እንዳንተው በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሃይብሪድ አይደል እንዴ? ምን ለየው?»

«የእሳቸው ከፊት እስከ ኋላ በብረት ዘንግ የተያያዘ ነው። የሞተሩ ጉልበት ኋላ ድረስ ይደርሳል። ያንን ዳገት ይወጣዋል።»

«አባታችንን ከቀበርን ወዲህ ከጀማል ጋር አንነጋገርም።»

«ልጅዎ ሀያት ምጥ ላይ ናት አባባ! እኔ ልደውልላቸው?»

«ተው። እኔው እደውላለሁ።»

ስልካቸውን አውጥተው ቁጥሩን ነኩ።

«ጀማል... እኔ ነኝ። በአላህ፣ እንዳትዘጋብኝ። ሀያትን ምጥ ይዟታል፤ መንገዱ ጭቃ ነው።»

ጥቂት አዳምጠው ስልኩን ዝቅ አደረጉ።

«ምን አሉ?»

«‹ጫማዬን እያደረግሁ ነው፤ ሸዋ በር ጠብቁኝ› አለ።»

ወሬያቸውን ስሰማ መውረጃዬን ካለፍኩ ቆይቼ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ግን አላልኩም።