ሁለተኛው ዓይን

በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ መርፌ እንጂ እርሳስ አትይዝም ነበር፤ እኔም ጥልፍ ስጠልፍ ኖሬ እርሳስ የያዝሁት ልጆቼ ሁሉ ከቤት ከወጡ በኋላ ነው። እና ታዲያ የተረፈ ደብተራቸውን አውጥቼ ዶሮ እሥላለሁ፣ ማጭድ እሥላለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ ባለቤቴን፣ ይሁኔን፣ ግድግዳ ተደግፎ ሲያንቀላፋ ከጎኑ ሣልሁት። ከጎን ይቀላላ፣ አፍንጫው ራሱ መንገድ ያሳያል።

ሲነቃ አሳየሁት። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ያን ጊዜ ገባኝ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይታችኋል አይደል፣ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣል፣ ሰይጣንና ይሁዳ ግን ከጎናቸው፣ በአንድ ዓይን። «ከነማን ጋራ ቆጠርሽኝ?» አለኝ። ሳላስብ ነው አልሁት። ልቅደደው ብል ደግሞ እሱን የቀደድሁት መሰለኝና ፈራሁ።

ታዲያ በዚያው ሳምንት ሆዱን ያመው ጀመር፣ እና ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ እና ሐሞቱ ጠጠር ይዟል፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ብለው በሁለት ሳምንት ቀጠሩን። «ቀዶ» የሚለውን ስሰማ ያ ወረቀት ትዝ አለኝ። ይሁኔ ደግሞ እምቢ አለ፦ «አንድ ዓይኔን ይዤ ቢላ ሥር አልተኛም። ሁለተኛውን ስጪኝ።» ልጆቹ ለመኑት፣ የንስሐ አባቱ ገሠጹት፣ ወይ ፍንክች! ከዘገየ ይሞታል ብለውናል። ጥፋቱ የእኔ፣ ሞቱ የእሱ ሊሆን ነው፤ እንዴት አልፈራ በሉኝ?

እና ከፊት ለፊት ልሣል ብል አፍንጫው ድንች ይሆናል፣ ዓይኑ ግንባሩ ላይ ይወጣል። ታዲያ ሮብ ገበያ ከተማ ቤተ ክርስቲያን የሚያድስ ሠዓሊ አለ ሲሉኝ ሄድሁ። የሣልሁትን አየና አልሳቀም፤ ዓይን እኮ የፊት እኩሌታ ላይ ነው፣ እርስዎ ግንባር ነፈጉት አለኝ። «እማማ፣ እንቁላል ይሣሉ፣ ከመሀል ይክፈሉት። መቶ ሳይሞሉ ዓይን እንዳይነኩ።»

መቶ እንቁላል እኮ ነው! ሣልሁ፣ ይሁኔ ወዲያ ያቃስታል፣ እኔ ወዲህ እንቁላል እከፍላለሁ። ሰባው ላይ መሥመሩ መቅናት ጀመረ። ከዚያ ዓይን ብቻ፣ ከዚያ አፍንጫ ብቻ። አፍንጫ ለካ በጥላው ነው የሚታወቅ፤ ይህን የነገረኝ የለም፣ ስፈራ ስፈራ ትክ ብዬ አይቼው ነው። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ ግራ ዓይኑ ከቀኙ ጠበብ እንደሚል ያን ጊዜ አየሁና አለቀስሁ።

ቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀረው ሰጠሁት። ብዙ አየው። «እኔ ነኝ» አለ። በማግስቱ ወረቀቱን ለእኔው አስይዞ ገባ፣ እኔ በር ላይ ቀረሁ። የዚያን በር ነገር አልነግራችሁም። ሰው በፍቅር ይማራል ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ እኔን ያስተማረኝ ፍርሃት ነው።

እማማ ይህን ሲያወጉን ጋሽ ይሁኔ ከመደቡ ላይ ሆነው ሁሉንም ሲሰሙ ነበር። «ታዲያ ዘንድሮ እጅሽ የሰነፈው ለዚህ ነዋ» አሉ፤ «እንድትበረቺ ልታመምልሽ?» ሁላችንም ሳቅን። እማማ ግን አልሳቁም። «ክፉ ከአፍህ አይውጣ» አሉና እርሳሳቸውን መፈለግ ጀመሩ።