አንድ ማጭድ ለሁለት አጫጆች

ድርቁ በጠናበት በ2008 ዓ.ም. መሪጌታ ሕሩይ ደባርቅ ውስጥ ካለ አንድ የእርዳታ ስንዴ መጋዘን ደጃፍ ቆመው ሰልፉን ሲቃኙ፣ ከጎንደር አውቶቡስ የወረደች ወጣት ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ አለች። በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯት አበባየሁ ነበረች፤ ዛሬ የመረጃ ቋት ባለሙያ ሆናለች።

«የኔታ፣ ይህ ሁሉ ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው የቆመ?»

«ከትናንት ወዲያ። እህቴ እማሆይ ወለተ ሥላሴም አሉበት።»

መሪጌታ የስንዴ እደላው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸውና እህታቸውን ከፊት ማስገባት ይችሉ ነበር። ግን ተራ ተራ ነው አሉ። እማሆይም እንደ አገሩ ልማድ በቦታቸው ድንጋይ አስቀምጠው፣ እንዲለይ ከቆባቸው ቢጫ ቅዳጅ አስረውበት፣ ነፋሱን ሽሽት ከግንቡ ጥግ ተኮራምተዋል።

«ሁለት መስኮት፣ ሁለት ኮምፒውተር እያለ?»

«ባንዱ ስንሠራ ሰልፉ ይሄድ ነበር። ሁለተኛው መጣ፣ ሪባን ተቆረጠለት፣ ሰልፉ ግን ቆመ። አሁን ሦስተኛ እንዲልኩልን ጽፈናል።»

አበባየሁ በመስኮት አሻግራ አየች። ጸሐፊው ክንዴ አንድ ስም ይጽፋል፤ ከዚያ ሌላኛው መስኮት ቀጣዩን የተቀባይ ቁጥር እስኪሰጥ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል።

«አንዱ መስኮት የሰጠውን ቁጥር ሌላው እየተከተለ እንዲሰጥ ማን አዘዘ?»

«እኔ ነኛ! አምና ሌቦች ቁጥር እየዘለሉ የድሀ ስንዴ በሉ። እኔ እያለሁ ቁጥር አይዘለልም!»

«እንግዲያው ይስሙኝ። ተከታታይ ቁጥሮች የሚያርፉት በኮምፒውተሩ መዝገብ ባንድ ገጽ ላይ ነው። ገጹን የያዘው ማሽን ብቻ ይጽፋል። ይኸኛው አንድ መስመር ጽፎ ገጹን ለወዲያኛው ይልካል፤ ወዲያኛውም አንድ መስመር ጽፎ ይመልሳል። ቀኑ የሚያልቀው በመጻፍ አይደለም፣ በመቀባበል ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ቅኔ እንጂ ይህን አልተማርሁም። በሰውኛ ንገሪኝ።»

«ማሳዎ ላይ ሁለት አጫጅ አስገቡ፤ አንዱ ከላይ ዳር፣ አንዱ ከታች ዳር። ማጭዱ ግን አንድ። አንዱ እፍኝ አጭዶ ሊያቀብል ማሳውን ያቋርጣል፤ ያኛውም እንዲሁ።»

«ሞኝ ነው እንዲህ የሚያሳጭድ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ፊታቸው ጠቆረ። «ሦስተኛው ማሽንስ?»

«እሱም አጫጅ ነው፣ የኔታ። ማጭድ አይደለም። ይልቅ ለየመስኮቱ የራሱን ቁጥር ይስጡት፤ አንዱ ከሺህ፣ ሌላው ከአምስት ሺህ ይጀምር። ያኔ እያንዳንዱ የራሱን ገጽ ይዞ ይጽፋል። በመካከል ያልተሰጡ ቁጥሮች ይቀራሉ፤ ይቅሩ።»

«መከፋፈል!» አሉ በምሬት። «አገር ሲከፋፈል ያየ ሰው ይህን እሺ ይላል?»

«የሚከፈለው ሥራው ነው እንጂ ስንዴው አይደለም። ሌባውን ከፈለጉ ማታ የተሰጠውን ከጆንያው ጋር ያስተያዩ። ሌባ በቁጥር መካከል አይደበቅም።»

መሪጌታ ወደ ሰልፉ ዞሩ። ከሰው ድንጋዩ ይበዛል። አዋቂ መሆን ቀላል ነው፤ ያወጡትን ሕግ ራስ መሻር ግን ከባድ ነው።

«ክንዴ፣ እንደምትልህ አድርግ።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሰው ድንጋዩን በእግሩ እየገፋ ይራመድ ጀመር፤ ባለቤቱ ዞር ያለበትንም ጎረቤቱ ይገፋለታል። ከቀትር በኋላ ቢጫ ጨርቅ የታሰረበት ድንጋይ ከመስኮቱ ሥር ደረሰ።

«ቀጣይ! ማን ይባላሉ?» አለ ክንዴ ቀና ሳይል። ቁጥሩን አስቀድሞ አውጥቶ ነበር።

የመለሰለት የለም።

መሪጌታ ወደ ግንቡ ጥግ ሄደው ነጠላውን ገለጡ። የእህታቸው ፊት እንደ ግንቡ ቀዝቅዟል። ነፍሳቸው የወጣችው ከንጋት በፊት ሳይሆን አይቀርም።

«መሪጌታ፣ ቁጥሩን በማን ስም ልሙላው?»

ነጠላውን መልሰው አለበሷቸው። «ዝለለው» አሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢው ባዶ ሆነ። ያን ሌሊት ደጅ ያደረ አልነበረም፤ የተሰጠውም ከጆንያው ጋር ሲተያይ እፍኝ አልጎደለም። ሥራን ለይቶ የመያዝ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ሦስት ቀን ቀድሞ ቢታወቅ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅም ነበር። መሪጌታ ሦስተኛ ማሽን የጠየቁበትን ደብዳቤ ሻሩ። ከዚያም ድንጋዩን ከመስኮቱ ሥር አንሥተው፣ በእህታቸው መቃብር ራስጌ ሊያቆሙት ተሸክመውት ሄዱ።